እትዬ አስካለ እና ሁለቱ የሰንጋ ተራ ልጆች

እትዬ አስካለ መሞታቸውን የሰማሁት ሜክሲኮ አደባባይ ታክሲ ስጠብቅ ነው። የነገሩኝ ጋሽ ወልዴ ናቸው፤ ድሮ አብረን በሠራንበት ግቢ ዘበኛ የነበሩ ሰው። ከሩቅ ለይተውኝ ከዘራቸውን እየተመረኮዙ መጡና፣ ሰላምታውን በወጉ ሳንጨርስ፣ «አስካለን ቀበርናት እኮ» አሉኝ።

«መቼ?» አልኳቸው።

«ውይ፣ ሰልስቷም አልፏል። አንቺን የት ብለን እንፈልግሽ?»

ድንኳኑ ተነቅሏል። ዕድርተኛው ወንበሩንና ሰሃኑን ሰብስቦ ወደ ቤቱ ገብቷል። ለቅሶ እደርሳለሁ ብል እንኳ የምደርስበት ቤት አልነበረም። እትዬ አስካለ ባል የላቸው፣ ልጅ የላቸው፣ በከተማው ውስጥ እህት ወንድም የላቸው። አብነት ውስጥ ተከራይተው ይኖሩባት የነበረችው ክፍል ለሌላ ሰው ተሰጥታለች። ጋሽ ወልዴ ተሰናብተውኝ ሲሄዱ፣ «እግዜር ያጥናሽ» የሚለኝ ሰው ፈልጌ ዙሪያዬን አየሁ። አደባባዩ በሰው ተሞልቷል፤ እሳቸውን የሚያውቅ ግን አንድም አልነበረም። ታክሲው ሞልቶ ሄደ፤ እኔም በእግሬ መንገድ ጀመርኩ።

እንግዲህ ስለ እሳቸው የማወራለት ሰው ስላጣሁ ነው ይህን የምጽፈው።

በደርግ ጊዜ ልደታ አካባቢ አንድ ግቢ ነበር። ዛሬ ፈርሷል፤ ቦታውን ባልፍበትም አልለየውም። ወንጀል ሠርተዋል የተባሉ ታዳጊ ወንዶች ልጆች ናቸው የሚኖሩበት፦ ኪስ ያወለቁ፣ የሱቅ ቆርቆሮ የገነጠሉ፣ በድንጋይ ሰው ያቆሰሉ። እኔ ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ፣ ገና በለጋ ዕድሜዬ፣ አማርኛና ሒሳብ እንዳስተምራቸው ተመደብኩ። እትዬ አስካለ ደግሞ ሥራቸው የልጆቹን አእምሮ መፈተን ነበር። አዲስ የገባውን ልጅ ጠባቧ ክፍላቸው ውስጥ ፊት ለፊታቸው ያስቀምጡታል፤ ሥዕል ያሳዩታል፤ ቀይና ነጭ የተቀቡ የእንጨት ቁርጥራጮች ሰጥተው ያስደረድሩታል፤ ይጠይቁታል። ከዚያ ልጁ ምን ዓይነት ልጅ እንደሆነ ለፍርድ ቤት ሐሳባቸውን ይሰጣሉ።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ነበሩ። ልጅ ሲፈትኑ አፋቸውን በመዳፋቸው ይሸፍናሉ። መጀመሪያ ጥርሳቸውን የሚያማቸው መስሎኝ ነበር። በኋላ ስጠይቃቸው፣ «ሲያገኘው ፈገግ እላለሁ፣ ሲስተው ይከፋኛል። ፊቴ መልሱን እንዳይነግረው ነው» አሉኝ።

ፈተናው የመጣው ከውጭ አገር ነው። አንዱ ሥዕል ላይ ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ ሰሃንና ሹካ አለ። «እዚህ ላይ የጎደለው ምንድን ነው?» ነው ጥያቄው። መልሱ «ቢላ» መሆን አለበት። አንድ ቀን አንድ ትንሽ ልጅ ሥዕሉን አይቶ፣ አይቶ፣ «ምግቡ» ብሎ መለሰ። እትዬ አስካለ ያን ቀን መዳፋቸውም አልበቃቸውም፤ ወጥተው ሲስቁ አየኋቸው። ሙሉ ነጥብ ሰጡት። «ባዶ ሰሃን አይቶ ቢላ የሚፈልግ ልጅ ነው ጎበዝ የሚባለው?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ብዙዎቹን ጥያቄዎች ራሳቸው በእኛ አገር ኑሮ ለወጧቸው።

ሰው ሁሉ ስለ እነዚያ ልጆች የራሱ እውቀት ነበረው። አንዱ «ሌባ ደደብ ስለሆነ ነው የሚሰርቀው» ይላል። ሌላው «ኧረ አራዳ ስለሆነ ነው፣ ጭንቅላቱን ለክፉ አዋለው» ይላል። የግቢው ኃላፊ ደግሞ፣ «ጓድ አስካለ፣ ሌብነት የአሮጌው ሥርዓት ርዝራዥ ነው፤ ድህነት ሲጠፋ ሌባውም ይጠፋል። እንጨት ማስደርደሩ ምን ይሠራል?» ይሏቸው ነበር።

«ድህነቱ እስኪጠፋ ልጁ ያረጅብኛል፣ ጓድ» ይላሉ እትዬ አስካለ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ።

እኔም አንድ ጊዜ፣ «እውነት ግን እነዚህ ልጆች በአእምሮ ውጭ ካሉት ያነሱ ናቸው ወይስ የበለጡ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «እዚህ ያለው የተያዘው ነው፣ የኔ ልጅ። ያልተያዘውን ማን ፈተነው?» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ጎበዝ ነው ስላቸው ‹አውቆ ነው ያጠፋው› ብለው ያከብዱበታል። ደካማ ነው ስላቸው ‹አይታረምም› ብለው ይተዉታል። እኔ ምን ብናገር ነው ልጁ የሚጠቀመው?» አሉ።

ምሳቸውን ብቻቸውን ነበር የሚበሉት፤ ከክፍላቸው ጀርባ ባለችው የግራር ዛፍ ሥር። ኩራት አልነበረም። አብሯቸው የሚቀመጥ ሲመጣ ደስ ይላቸዋል፤ ግን ኑ ብለው አይጠሩም። እሁድ እሁድ ቤተሰብ ልጆቹን ሊጠይቅ ሲመጣ እሳቸውም ይመጣሉ፣ የሥራ ቀናቸው ሳይሆን። ጠያቂ የሌላቸው ልጆች አጥሩ ሥር ተደርድረው የሌሎቹን እናቶች ሲያዩ፣ ሄደው መሃላቸው ይቀመጣሉ። ብዙ አይናገሩም። ብርቱካን ልጠው ያካፍላሉ። ማን ማንን ሊጠይቅ እንደመጣ እኔ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ሰይፉና ደምሴ የመጡት በአንድ ቀን ነው። ሁለቱም የሰንጋ ተራ ልጆች፣ አንድ ሰፈር ያደጉ። ሰይፉ ቀጠን ያለ፣ ዓይኑ ዕረፍት የሌለው ልጅ ነበር። እንጨቶቹን ሲሰጡት በሥዕሉ ልክ ደረደራቸው፣ አፈረሳቸው፣ «በሌላ መንገድም ይሆናል» ብሎ እንደገና ሠራቸው። እትዬ አስካለ በዚያ ሁሉ ዘመን እንዲህ ያለ ልጅ አልገጠማቸውም። ደምሴ ትከሻው ሰፊ፣ ቁመቱ የጎልማሳ፣ አእምሮው ግን የሕፃን ነበር። እንጨቶቹን አንዱን ባንዱ ላይ ቆልሎ፣ «ቤት ሠራሁ፣ እትዬ» አላቸው፤ ጥርሱ ሁሉ እየታየ።

የሱቅ ቆርቆሮ ገንጥለው ሲገቡ ነበር የተያዙት። ዘዴው የሰይፉ ነው፤ የሚሸከመው፣ የሚያነሳው ደምሴ ነው።

«አንተ ይህን ያህል ብልህ ሆነህ እንዴት ተያዝክ?» ብለው ጠየቁት እትዬ አስካለ።

«እኔማ አምልጬ ነበር» አለ ሰይፉ። «ደምሴን ‹እዚህ ጠብቀኝ› ብዬው ነበር። ሰው መጥቶ ሲጮህም እየጠበቀኝ ነው። ሩጥ ካላልኩት አይሮጥም። ልወስደው ተመለስኩ።»

እትዬ አስካለ ይህን ሲነግሩኝ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። «ይህንን የሚለካ እንጨት የለኝም» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ሰይፉ እንደ ልጃቸው ሆነ። ከቤታቸው መጽሐፍ ያመጡለታል፤ በሁለተኛው ቀን ጨርሶ ይመልሳል። የኃላፊውን ሬዲዮ ጠገነ። እኔ ክፍል ውስጥ የሚያዳግተኝን የሒሳብ ጥያቄ እሱ ሰሌዳው ላይ ይሠራው ነበር። እሱ ደግሞ ትርፍ ጊዜውን ሁሉ የሚያጠፋው ደምሴን በማስተማር ነው። ግራሯ ሥር ቁጭ ብለው በጣት ያስቆጥረዋል። «ይሄ ሦስት። ይሄ ሁለት። አንድ ላይስ?» ወራት ፈጀበት። ደምሴ በመጨረሻ እስከ አሥር ድረስ በጣቱ መደመር ቻለ። ከአሥር ካለፈ ጣት ያልቅበትና ይስቃል። የተሳካለት ቀን ግቢውን እየዞረ ያገኘውን ሁሉ፣ ጋሽ ወልዴን ሳይቀር፣ «ጠይቁኝ! ጠይቁኝ!» ሲል ዋለ።

ጦርነቱ ያኔ ብሶ ነበር። በየቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ይመለመላል፤ መንገድ ላይም ይታፈሳል። ወደ ግቢያችን ይመጣሉ ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም። አንድ ጠዋት አንድ መቶ አለቃና ሁለት የመልማይ ኮሚቴ ሰዎች መጡ። ጠረጴዛ ወጥቶ ኳስ ሜዳው ላይ ተቀመጠ። ልደቱን በቅጡ የሚያውቅ ልጅ ጥቂት ስለነበረ፣ ዕድሜ የሚወሰነው በቁመትና በፂም ነበር። ለአቅመ ውትድርና ደርሰዋል የተባሉት ተሰለፉ። ሰይፉና ደምሴም ከነሱ ውስጥ ነበሩ፤ ሰይፉ ከፊት፣ ደምሴ ከኋላው።

እትዬ አስካለ ልጆቹን የሚያውቁ ናቸው ተብለው ከጠረጴዛው ጎን እንዲቆሙ ተደርጓል። እኔ የመማሪያ ክፍሉ ደረጃ ላይ ሆኜ ሁሉንም እሰማለሁ። የታመመ ልጅ ሲኖር እሳቸው ይናገራሉ፤ መቶ አለቃው አንዱን ይቀበላል፣ ሌላውን አይቀበልም። የሰይፉ ተራ ደረሰ።

«ይሄስ?» አለ መቶ አለቃው።

እትዬ አስካለ ወደ ጠረጴዛው አንድ እርምጃ ቀረቡ። ከዚያ በሰማሁት ነገር ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። «ይህ ልጅ አእምሮው ዘገምተኛ ነው» አሉ። «የታዘዘውን አይረዳም። ጠመንጃ ቢሰጡት የገዛ ጓዱን ነው የሚመታው።»

ኃላፊው ቀና ብለው አዩዋቸው። ሬዲዮውን የጠገነላቸው ማን እንደሆነ ያውቃሉ። ግን አንዲት ቃል አልተነፈሱም፤ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

መቶ አለቃው አላመነም። «አንተ፣ በሳምንት ውስጥ ስንት ቀን አለ?» አለው።

ሰይፉ እትዬ አስካለን አያቸው። የሚያደርጉት ወዲያው ገብቶታል። ያ ዕረፍት የሌለው ዓይኑ ቀስ ብሎ ሲፈዝ፣ ከንፈሩ ሲላቀቅ አየሁት። «እሁድ» አለ።

ሰዎቹ ሳቁ። ከኋላ የተሰለፉት ልጆች ግን አልሳቁም።

መቶ አለቃው አምስት ጣቱን በአንድ እጁ፣ ሦስት ጣቱን በሌላው ዘርግቶ ፊቱ ላይ ደቀነ። «ይሄ አንድ ላይ ስንት ነው?»

ሰይፉ ጣቶቹን አየ። «እሁድ» አለ እንደገና። ምራቁ አገጩ ላይ ወርዷል። በጭንቅላቱ ብቻ ሲኮራ የኖረ ልጅ ነው፤ ሌላ የሚኮራበት ነገር አልነበረውም።

በዚህ መሃል ነው ደምሴ ከኋላ የጮኸው። ጓደኛው መልሱ የጠፋበት መስሎት፣ ሊረዳው፣ «ስምንት! ሰይፉ፣ ስምንት ነው!»

መቶ አለቃው ሰይፉን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ፣ «አንተ ና» አለ። ደምሴ ደረቱን ነፍቶ ቀረበ።

«አራትና ሦስትስ?»

ደምሴ ጣቱን አነሳ፣ ቆጠረ። «ሰባት!»

«ጎበዝ!» አለ መቶ አለቃው።

«ጌታዬ፣» አሉ እትዬ አስካለ፤ ድምፃቸው ተሰበረ፣ «ዘገምተኛው እሱ ነው። እሱ ሕፃን ነው። ከአሥር በላይ ይጠይቁት፣ እባክዎ፣ ከአሥር በላይ—»

«እሜቴ፣» አለ መቶ አለቃው፣ «ያኛውም ዘገምተኛ፣ ይኸኛውም ዘገምተኛ። ሁሉም ዘገምተኛ ከሆነ አገሩን ማን ይጠብቀዋል? ይኸማ ጎበዝ ልጅ ነው።»

ደምሴ ዞሮ ሰይፉን አየው። በሕይወቱ ሰው በተሰበሰበበት ጎበዝ ተብሎ አያውቅም። ፊቱ በርቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ምልምሎቹን በሚወስደው የጭነት መኪና ላይ ሲወጣም ያ ደስታው አልበረደም፤ ሰይፉን በዓይኑ እየፈለገ ጣቶቹን ያነሳ፣ ያጥፍ ነበር። እትዬ አስካለ መኪናው እስኪወጣ በሩ ላይ ቆሙ። ሰይፉ መኝታ ቤት ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቶ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰይፉ እትዬ አስካለን አላናገራቸውም። መጽሐፍ ሲሰጡት አይቀበልም። «ደህና አደርክ?» ሲሉት ያልፋቸዋል። ትምህርቱንም ተወ። የመፈቻ ጊዜው ደርሶ አክስቱ ሲወስዱት፣ ሁሉንም እየዞረ ሲሰናበት በእሳቸው ክፍል በር ሳይቆም አለፈ። እትዬ አስካለ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ወደ በሩ እያዩ ነበር፤ ከመስኮቴ አየኋቸው። ሥራቸውን አላጓደሉም። ግን ከዚያ ወዲያ አንድንም ልጅ «ጎበዝ ነው» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

ደርግ ወደቀ። ከየግንባሩ የተበተነ ወታደር ከተማውን ሞላው፤ እግሩ የቆሰለ፣ ልብሱ ያለቀ። እትዬ አስካለ ሰንጋ ተራ፣ ሜክሲኮ፣ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እየዞሩ የሚለምኑትን ወታደሮች ፊት ሲያዩ ሰነበቱ። ደምሴ አልነበረም።

ከጊዜ በኋላ አንድ ከሰዓት ላይ ሰይፉ ግቢው በር ላይ መጣ። ጎልምሷል። አብነት አንድ ብየዳ ቤት ይሠራል፤ እጁ ተለብልቧል። ምሳ ላይ ነበርን፤ ያን ቀን አጋጣሚ ሆኖ እኔም ግራሯ ሥር ከእሳቸው ጋር ነበርኩ። እትዬ አስካለ ሲያዩት ተነሱ። አልሳማቸውም።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት» አለ። «ለምን እኔን?»

«ተራው አንተ ጋ ደርሶ…» ብለው ጀመሩና አቆሙ። «አይ፣ አልዋሽህም። ሁለታችሁን ማስቀረት እንደማልችል አውቄ ነበር። አንተን መረጥኩ። ያ ጭንቅላት አፈር ሲሆን ማየት አልቻልኩም።»

ሰይፉ አንገቱን ነቀነቀ፤ ይህን መልስ እንደጠበቀ ያስታውቃል። «እትዬ፣ እኔ እኮ መጥፋት እችል ነበር። መደበቅ እችል ነበር። ብማረክም መኖር የምችል ሰው ነኝ። ጎበዝ የተባልኩት ለዚያ አይደል? የማይችለው እሱ ነው። መዳን የነበረበት እሱ ነው።»

እትዬ አስካለ ይከራከራሉ፣ ያስረዳሉ፣ ራሳቸውን ይከላከላሉ ብዬ ጠበቅኩ። «ልክ ነህ» ነው ያሉት። ከዚያም፣ «እናቱ አሉ?» አሉት።

«አሉ። ከሰል ይሸጣሉ።»

«ውሰደኝ።»

በማግስቱ ሦስታችን ሄድን። የደምሴ እናት ወይዘሮ ጌጤ ሰንጋ ተራ ውስጥ፣ ቤታቸው ደጃፍ ላይ፣ ከሰሉን በየቆርቆሮው እየሰፈሩ ይሸጣሉ። ዱካ ሲሰጧቸው እትዬ አስካለ አልተቀመጡም፤ ቆመው ሁሉንም ነገሯቸው። ምንም አላስቀሩም።

ወይዘሮ ጌጤ ሳያቋርጡ ሰሙ። «ልጄ ዘገምተኛ መሆኑን ያውቁ ነበር?» አሉ ሲያበቁ።

«አውቅ ነበር።»

«ይሄኛው ብልህ መሆኑንም ያውቁ ነበር?»

«አዎ።»

ወይዘሮ ጌጤ በከሰል የጠቆረ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። «ልጅ አለሽ?» አሉ፤ አንቱታው ቀረ።

«የለኝም።»

«አይ፣ ቢኖርሽ አትመርጪም ነበር። እናት አትመርጥም።» ወደ ሰይፉ ዞሩ። «አንተ ግባ። አንተ ልጅ ነበርክ።» ሰይፉን አስገብተው በሩን ዘጉ። እኔና እትዬ አስካለ ደጅ ቀረን። ስንመለስ መንገድ ላይ አንድ ጊዜ፣ «እውነቷን ነው» አሉ፣ ለራሳቸው።

ከዚያ በኋላ ወደዚያ ደጃፍ የማይመለሱ መስሎኝ ነበር። ተመለሱ። ከሥራ ሲወጡ ወደ አብነት መሄዱን ትተው ወደ ሰንጋ ተራ ይታጠፋሉ። ደጃፉ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ «እንደምን ዋሉ?» ይላሉ። ወይዘሮ ጌጤ አይመልሱም። ጥቂት ቆመው ይሄዳሉ። ጡረታ ወጥተውም አልተዉትም። አንዳንዴ እከተላቸው ነበር። «ይቅርታ ሊጠይቁ ነው?» ስላቸው፣ «ይቅርታ ምን ያደርግላታል? የልጇን ስም የሚያውቅ ሰው በደጇ ይለፍ ብዬ ነው» አሉኝ።

አንድ የሐምሌ ቀን እዚያው እንደቆምን ዶፍ ወረደ። ወይዘሮ ጌጤ ከሰሉን በላስቲክ ሊሸፍኑ ሲታገሉ ነፋሱ አንዱን ጫፍ እየነጠቀ ያውለበልበዋል። እትዬ አስካለ ጃንጥላቸውን ለእኔ ሰጥተው ሮጡ፤ የላስቲኩን ጫፍ ይዘው ተንበረከኩ። ሁለቱ አሮጊቶች ጭቃው ውስጥ፣ አንዷ ወዲህ አንዷ ወዲያ፣ ሳይነጋገሩ ላስቲኩን ወጥረው ድንጋይ ጫኑበት። ሲጨርሱ ሁለቱም በስብሰው ነበር። እትዬ አስካለ እንደ ልማዳቸው ወደ ኋላ ሊመለሱ ዞሩ።

ወይዘሮ ጌጤ በሩን ከፍተው ወደ ውስጥ ካለፉ በኋላ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ምን ያስቆምሻል፣ ግቢ እንጂ» አሉ።

እትዬ አስካለ በከሰል የጠቆረውን እጃቸውን እያዩ ጥቂት አመነቱ። ከዚያ ጎንበስ ብለው በዝቅተኛው በር ገቡ።